ልኩን የሚያውቅ ዘንግ

ከስፖርት መኪና ሆድ ሥር ካሉት ብረቶች መካከል ዓይን የማይገባው ስታቢላይዘሩ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ፣ ሁለት ክንዶቹ ወደ ጎማዎቹ የታጠፉ አንድ ዘንግ፤ ጥርስ የለው፣ አይሽከረከር፣ ዘይት አይጠጣ። ሞተር ለማየት ኮፈን የሚያስከፍት ሰው ብዙ ነው፤ ስታቢላይዘር ለማየት ተንበርክኮ አንገቱን ከመኪና ሥር የሚያስገባ ግን ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ሰው የሚያየው አያጣም። በጥሩ እጅ የተሠራ ዘንግ በታጠፈበት ቦታ ሽብሽብ አይታይበትም፤ ክቡ ቅርጹ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ አይጨፈለቅም። ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኙት ሁለቱ ጫፎች እኩል ይነካሉ፤ አንዱ ተንጠልጥሎ አይወዛወዝም። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ከንፈር ተሞርዶ ለስልሷል፤ ጣት ቢያልፍበት አይቧጭርም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ዘንግ ነው፤ በተለይም የፋብሪካውን አውጥተው ግትር የሆነ ሊተኩ ሲነሡ የሚመጣው የመምረጥና የማስተካከል ሥራ። ወፍራም ብረት መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻላል። ምን ያህል ይወፍር፣ ፊት ይሁን ኋላ፣ በየትኛው ቀዳዳ ይታሰር የሚለውን መመለስ ግን ሙያ ይጠይቃል። ሙያው ከዘንጉ ሠሪ ይጀምርና ቁልፍ ይዞ ከመኪናዋ ሥር በተኛው ሰው እጅ ያልቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መኪና ኩርባ ስትገባ አካሏ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ አካሉ ይጠጋል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይርቃል። የስታቢላይዘሩ ሁለት ክንዶች ከሁለቱ ጎማዎች ጋር ስለተያያዙ፣ አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ሲሄድ መሀሉ ይጠመዘዛል፤ ሁለት ሰዎች የታጠበ ጋቢ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲጨምቁት እንደሚሆነው ነው። ብረቱ መጠምዘዝን ስለሚቃወም መኪናዋ ማጋደሏን ትቀንሳለች። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሽቅብ ቢነሡ፣ ለምሳሌ መንገድ ላይ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ፊት ለፊት ሲወጡ፣ ዘንጉ በማቀፊያዎቹ ውስጥ ዞር ከማለት በቀር ሥራ የለውም። ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሱስታውን ሳያጠነክር፣ የተሳፋሪውን ወገብ ሳይቀጣ፣ ማጋደልን ብቻ ለይቶ ይይዛል። ለዚህ መሣሪያ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1919 ያገኘው በካናዳ ኒው ብራንዝዊክ የፍሬደሪክተን ሰው የሆነው ስቲቨን ኮልማን ነው። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ተሻሽሏል፣ አሠራሩ ተራቋል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን አሁንም ያው ነው።

ስለዚህ ዘንግ በብዙ ሰው አፍ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፤ «ወፍራም ካስገባህ መኪናዋ መሬት ትነክሳለች» ይባላል። ማጋደል መቀነሱ እውነት ነው። ከውስጥ ጎማዎች ተነሥቶ ወደ ውጭዎቹ የሚዛወረው ሸክም ግን በዘንጉ ምክንያት አይቀንስም። እሱን የሚወስኑት የመኪናዋ ክብደት፣ የስበት ማዕከሏ ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት እና ኩርባውን የምትወስድበት ፍጥነት ናቸው። ከነነጂዋ 1050 ኪሎ የምትመዝን፣ የስበት ማዕከሏ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የጎማዎቿ ርቀት 1.4 ሜትር የሆነ ትንሽ ስፖርት መኪና እናስብ። የመሬት ስበትን 0.9 እጥፍ በሚያህል ኃይል ስትታጠፍ 300 ኪሎ ገደማ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዛወራል። ዘንጉ ቀጭን ሆነ ወፍራም፣ ያ 300 ኪሎ የትም አይሄድም።

ዘንጉ የሚወስነው ይህ ሸክም ለፊትና ለኋላ እንዴት እንደሚካፈል ነው። የፊቱ ሲጠነክር ከዝውውሩ ትልቁን ድርሻ ፊት ይወስዳል፤ የኋላው ሲጠነክር ኋላ ይወስዳል። ጎማ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሸክም ሲጨመርበት መሬት የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ ሸክሙ እጥፍ ስለሆነ መያዙ እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ጎማዎች ሸክማቸውን እኩል ሲጋሩ፣ አንዱ ከብዶት ሌላው ቀሎት ከሚሄዱበት ጊዜ ይልቅ በድምሩ የተሻለ ይይዛሉ። ዝውውሩ የበዛበት ወገን ቀድሞ ይደክማል ማለት ነው። ፊቷ ቀድሞ የደከመባት መኪና መሪው ቢዞርም አፍንጫዋን ወደ ውጭ እየገፋች ትሄዳለች፤ ይህ አንደርስቲር ይባላል። ኋላዋ ቀድሞ የደከመባት ደግሞ ጅራቷ ሊቀድማት ይነሣል፤ ይህ ኦቨርስቲር ነው። ስታቢላይዘር የሚመርጥ ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል እርቅ እየፈለገ ነው።

ለእውነቱ ግን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አካሉ ሲያጋድል ጎማውም አብሮ ስለሚዘነብል፣ አስፋልቱን በሙሉ ፊቱ መንካቱን ትቶ በጠርዙ መቆም ይጀምራል። ማጋደሉን የሚገታ ዘንግ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስለሚረዳ በዚህ በኩል መያዝን ሊጨምር ይችላል። ጥቅሙ በይበልጥ የሚታየው ማክፈርሰን በሚባለው የሰስፔንሽን ዓይነት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያ አሠራር አካሉ ሲያጋድል የጎማውን ዝንባሌ የማካካስ አቅሙ አነስተኛ ነው።

ነገሩን መሬት ላይ ለማውረድ የመጀመሪያዋን ማዝዳ ኤምኤክስ 5 እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ ሚያታ በመባል የምትታወቀው ይህች ጣሪያዋ የሚገለጥ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ነው። የፕሮጀክቱ መሪ ቶሺሂኮ ሂራይ ነበሩ። ሞተሯ ፊት፣ ገፊ ጎማዎቿ ኋላ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ፣ ሸክሟ ለፊትና ለኋላ እኩል ለመከፈል ምንም ያልቀረው ናት። አራቱም ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው በላይና በታች ክንዶች ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህ ስም መኪኖች ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደርሷል። ለእኛ ጉዳይ የምትመቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ቀላልና የማትደብቅ በመሆኗ ከሥሯ የተለወጠውን ትንሽ ነገር ሁሉ መሪው ላይና ወንበሩ ላይ ትናገራለች።

ባለ 1.6 ሊትር ሞተር በሆኑት የመጀመሪያ ዓመታት ሞዴሎች የፊት ስታቢላይዘሯ ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የኋላው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ይመስላል። የክብ ዘንግ የመጠምዘዝ ግትርነት ግን ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ርዝመታቸውና ክንዳቸው እኩል ቢሆን ኖሮ የፊቱ ከኋላው ከስድስት እጥፍ በላይ ግትር በሆነ ነበር። ፋብሪካው ይህን ያደረገው አስቦበት ነው። ተራ ነጂ ዝናብ ላይ ፈርቶ መሪውን ሲያዞር ቀድሞ የሚደክመው ፊቷ እንዲሆን ይፈለጋል፤ አፍንጫዋ የምትገፋ መኪና ፍጥነት ሲቀነስላት ትመለሳለች፣ ጅራቷ የቀደማት ግን ልምድ ትጠይቃለች።

አሁን መቀየር የፈለገ ሰው ሒሳቡን ይሥራ። የፊቱን ከ19 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ቢያሳድግ ግትርነቱ በ80 በመቶ ይጨምራል። የኋላውን ከ12 ወደ 14 ቢያሳድግ 85 በመቶ ይጨምራል። ሦስት ሚሊ ሜትር ፊት ላይ የሠራውን ሁለት ሚሊ ሜትር ኋላ ላይ ይሠራዋል። «ትንሽ ወፈር ያለ ስጠኝ» ብሎ ዘንግ የሚገዛ ሰው ምን እንደጠየቀ አላወቀም። በዚህ ሥራ «ትንሽ» የሚለው ቃል በሚሊ ሜትር ካልተነገረ ትርጉም የለውም።

የመጀመሪያው ምርጫ ፊት ወይስ ኋላ የሚለው ነው። የሙያው መጽሐፍ የሚለው ግልጽ ነው፤ አፍንጫዋ የምትገፋ ከሆነ ኋላውን አጠንክር ወይም ፊቱን አላላ፣ ጅራቷ የምትወጣ ከሆነ ተቃራኒውን አድርግ። ሜዳ ላይ ግን ሌላ ጉዳይ ይገባበታል፤ የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል። ተራ ዲፈረንሻል ያላት የኋላ ጎማ ገፊ መኪና ኋላዋ በጣም ሲጠነክር፣ በኩርባው ውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ሸክም ያጣል። ነጂው ከኩርባው ሲወጣ ነዳጅ ሲረግጥ ጉልበቱ በዚያ በቀለለው ጎማ በኩል ይፈስሳል፤ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ መኪናዋ አትሄድም።

ይህ ጉዳይ በተግባር የሚታይበት አንድ ጥሩ ቦታ አለ። የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ በኮን በተከለለ ሜዳ ላይ በሚያካሂደው የኦቶክሮስ ውድድር፣ «ስትሪት» በሚባለው ምድብ ተወዳዳሪው ከሁለቱ ስታቢላይዘሮች አንዱን ብቻ እንዲቀይር ይፈቀድለታል። አንዱን ምረጥ ሲባሉ ብዙ የሚያታ ተወዳዳሪዎች ግትር ዘንግ የሚያስገቡት ፊት ነው። የመጽሐፉን ሕግ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግራ ያጋባል፤ ፊትን ማጠንከር አፍንጫዋን ያስገፋ የለም ወይ? ያስገፋል። በምላሹ ግን መኪናዋ ማጋደሏን ትቀንሳለች፣ በኮኖቹ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ቶሎ ትረጋለች፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎቿም መሬት ላይ ቀርተው ነዳጁን ይቀበላሉ። የጎደለውን የፊት መያዝ የፊት ጎማዎችን ዝንባሌና የነፋስ ግፊት በማስተካከል ይመልሱታል። አንዱን ወገን ሲያጠነክሩ ሌላው ወገን ምን እንዳገኘ የሚያይ ሰው ምርጫው ይበስልለታል።

ሁለተኛው ምርጫ ዘንጉ ከሱስታው ጋር ያለው ዝምድና ነው። ስታቢላይዘር ሁለት ጎማዎችን ስለሚያያይዝ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይሰማዋል። ሱስታዋ ለስላሳ በሆነ መኪና ላይ ከልክ ያለፈ ግትር ዘንግ ሲገባ፣ በተቦረቦረ መንገድ ላይ የተሳፋሪው ጭንቅላት ከትከሻ ወደ ትከሻ ይወዛወዛል። ኩርባ ላይም የውስጡ ጎማ ወደ መሬት ሊወርድ ሲል ዘንጉ ሽቅብ ይጎትተዋል። የቀድሞዎቹ ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ መኪኖች ኩርባ ላይ የውስጥ የኋላ ጎማቸውን አየር ላይ ሰቅለው ሲሄዱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው። በፊት ጎማ ገፊ መኪና ይህ ጉዳት የለውም፤ የተሰቀለው ጎማ የሚገፋ አይደለምና። ነገር ግን ጎማው አንዴ ከመሬት ከለቀቀ ያ ወገን የሚያዛውረው ሸክም አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉን ማጠንከር ምንም አይጨምርም።

ወደ ሠሪው እጅ እንመለስ። የጥሩ ሠሪ የመጀመሪያ ብልሃት ከብረቱ መሀል መቀነስ ነው። ዘንግ ሲጠመዘዝ ትልቁን ጫና የሚሸከመው ቆዳው ነው፤ እምብርቱ ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። የውጭ ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ክፍተቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ባዶ ዘንግ ከድፍኑ 24 ሚሊ ሜትር ዘንግ ግትርነት 80 በመቶውን ይይዛል፤ ክብደቱ ግን 56 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከግትርነቱ አንድ አምስተኛውን ሰጥቶ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን ይቀንሳል። ይህ ለሠሪው በነጻ አይመጣም። ባዶ ብረት ሲታጠፍ በእጥፋቱ ውጭ በኩል ግድግዳው ይሳሳል፣ በውስጥ በኩል ይሸበሸባል። ስለዚህ እጥፋቱ ሰፋ ያለ መሆን አለበት። ጫፉም ለቡሎን እንዲመች በሙቀት ተጨፍልቆ ይደፈናል፤ ክፍት ከቀረ ውሃ ገብቶ ማንም ሳያየው ከውስጥ ይዝጋል። ጫፉ ተበይዶ የተቀጠለ ከሆነ ብየዳውን አተኩሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ስንጥቅ መነሻ የሚያገኘው ብየዳው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው።

ቆዳው ትልቁን ጫና ስለሚሸከም ቆዳው ላይ ያለ ጭረት ሁሉ ቁም ነገር ነው። ጥሩ ሠሪ ብረቱን አግሎና አቀዝቅዞ ካጠነከረው በኋላ በደቃቅ የብረት ጠጠር ይደበድበዋል። ይህ ለማሳመር የሚደረግ አይደለም። እያንዳንዷ ጠጠር ላዩን በጥቂቱ ስለምትጠቀጥቀው ቆዳው ወደ ውስጥ ታፍኖ ይቀመጣል፤ እንዲህ የታፈነ ብረት ስንጥቅ ለመጀመር እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚቀባው የዱቄት ቀለም ዝገት ይከላከላል። በቁልፍ ወይም በመዶሻ ተጭሮ ቀለሙ የተላጠ ዘንግ ሲታይ፣ የሚያሳዝነው መልኩ ብቻ አይደለም፤ ዝገቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት በር ተከፍቷል።

ከዚያ ቀዳዳዎቹ ይመጣሉ። የሚስተካከል ስታቢላይዘር በእያንዳንዱ ክንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ አለው። ክንዱ ባጠረ ቁጥር ዘንጉን ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፤ ጭማሪውም በክንዱ ርዝመት በሁለተኛ ርቢ ነው። ከክንዱ ጫፍ ሲቆጠር የመጀመሪያው ቀዳዳ ከዘንጉ 200 ሚሊ ሜትር፣ ቀጣዩ 180፣ ሦስተኛው 160 ላይ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲገባ ግትርነቱ 23 በመቶ ገደማ፣ ወደ ሦስተኛው ሲገባ 56 በመቶ ገደማ ያድጋል። አንዱን ጎን በአንደኛው፣ ሌላውን ጎን በሁለተኛው ቀዳዳ ማሰርም ይቻላል፤ ለግራም ለቀኝም ኩርባ የሚሠራ መካከለኛ ግትርነት ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ቀዳዳዎቹ በሁለቱ ጎኖች ትክክለኛ ቦታ ላይ ከተበሱ ነው። በአንዱ ጎን ቀዳዳው ጥቂት ቢዘም፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ እያለች ዘንጉ ከወዲሁ ተጠምዝዞ ይቀመጣል።

የእሽቅድምድም መኪኖች ደግሞ ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። እነሱ ዘንጉን በሦስት ይከፍሉታል፤ መሀሉ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ጫፎቹ ጥርስ ተበጅቶላቸው የሚሰኩ ሁለት ክንዶች። አንዳንዶቹ ክንዱን እንደ ቢላዋ ጠፍጣፋ አድርገው ይሠሩትና በገመድ ወይም በማንሻ እንዲዞር ያደርጉታል። ወርዱ 25፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ክንድ ተኝቶ ሲሠራ ለስላሳ ነው፤ በጠርዙ ሲቆም ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ ከ17 እጥፍ በላይ ይሆናል። በኢንዲካር ውድድር ነጂዎቹ ጎማቸው እያለቀ፣ ነዳጃቸው እየቀነሰ ሲሄድ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የፊቱንም የኋላውንም ስታቢላይዘር ያስተካክላሉ። የአንድ ጠፍጣፋ ብረት ሩብ ዙር የመኪናን ጠባይ ሲለውጥ ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው።

ሥራው ሁሉ ግን በጥቃቅኖቹ ይፈርሳል ወይም ይጸናል። ዘንጉን ከሻንሲው ጋር የሚያይዙት ጎሚኒዎች የውስጥ ቀዳዳቸው ከዘንጉ ውፍረት ጋር በልክ መግጠም አለበት። ከላላ ዘንጉ ከመጠምዘዙ በፊት ይንገዋለላል፤ ከጠበቀ ዘንጉ በነጻ ስለማይዞር መኪናዋ በትንንሽ ጉብታዎች ሁሉ ትደርቃለች። ፖሊዩሬታን የሚባለው ጠንካራ ጎሚኒ እንደ ላስቲኩ በቀላሉ አይጨመቅም፤ ነገር ግን በተገቢው ግራሶ ካልታሸ ማለዳ ማለዳ ይጮኻል። የታሰበበት ጎሚኒ በውስጡ ግራሶ የሚይዙ ቦዮች አሉት። ዘንጉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከጎሚኒው አጠገብ የሚታሰሩ ቀለበቶች አሉ፤ ርካሽ ዕቃ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ የእነዚህ መኖር አለመኖር ነው። ማቀፊያው የሚታሰርበት ቦታም ይታይ። በመጀመሪያዋ ሚያታ የፊት ማቀፊያዎች የሚያርፉበት ብረት ለፋብሪካው ቀጭን ዘንግ የታሰበ ስለሆነ፣ በጣም ወፍራም ዘንግ የሚያስገቡ ሰዎች ማጠናከሪያ ይጨምሩበታል። ዘንጉ የሚገፋው ኃይል የሆነ ቦታ ማረፍ አለበትና።

ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው አጭር ሊንክ ነው። የሚስተካከለው ሊንክ አንዱ ጫፉ ቀኝ ጥርስ፣ ሌላው ግራ ጥርስ ስላለው ሳይፈታ መሀሉ ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጥቅሙ የሚታየው ገጠማው ላይ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ፣ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው የታሰረ ዘንግ መሬት ስትወርድ ልኩን ያጣል። ትክክለኛው አሠራር መኪናዋ በደልዳላ መሬት በአራት ጎማዋ ቆማ፣ ነጂው ወይም ክብደቱን የሚያህል ነገር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። አንደኛው ሊንክ ይታሰራል። ሁለተኛው ርዝመቱ እየተስተካከለ ቀዳዳው ከቀዳዳ ጋር ይገጠማል።

እዚህ ቦታ ላይ ባለመኪና መቸኮሉ አይቀርም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው እኮ፤ በመዶሻ ነካ ቢያደርጉት ይገባል።»

«በመዶሻ የገባ ቡሎን ዘንጉን ጠምዝዞት ነው የሚገባው፣ ልጄ። ግማሽ ዙር ልስጠው፤ በጣት ሲገባ ያኔ እናስረዋለን።»

ግማሽ ዙር ይሰጠዋል፤ ቡሎኑ በሁለት ጣት ተገፍቶ ያለ ድምፅ ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በግድ የገባ ቡሎን መኪናዋን ወደ ግራ አንድ ዓይነት፣ ወደ ቀኝ ሌላ ዓይነት ያደርጋታል፤ ባለቤቷም ጥፋቱን በጎማና በአሞርዛተር ሲፈልግ ይከርማል። ሊንኩ ከክንዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ መቆሙን፣ መሪው እስከ ዳር ሲዞርም ከጎማውና ከፍሬን ቱቦው ጋር አለመነካካቱን ማየት የመጨረሻው ፍተሻ ነው። ዳዶዎቹም በቶርክ ቁልፍ ይጠበቃሉ።

ከዚያ ሙከራው ይጀምራል፤ ቦታውም የሕዝብ መንገድ ሳይሆን የተዘጋና ሰፊ ሜዳ ነው። ጎበዝ አስተካካይ ከለስላሳው ቀዳዳ ይነሣል። የጎማ ነፋሱን ይለካል፣ ጎማው እስኪሞቅ ይነዳል፣ በኮን በተከለለ ክብ ላይ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚደክም ያዳምጣል። አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ይነዳል። ዘንጉንና የጎማውን ነፋስ በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም። ስታቢላይዘር በይበልጥ የሚናገረው በኩርባው መሀል፣ ፍሬኑ ተለቆ ነዳጁ ገና ሳይረገጥ ነው። አፍንጫዋ የምትገፋው ኩርባው አፍ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ነጂው ፍሬን ይዞ ስለሚገባ ወይም የፊት አሰላለፏ ስለተዛባ ሊሆን ይችላል፤ ያንን በዘንግ ልፈውስ የሚል ሰው አንዱን በሽታ በሌላ ይሸፍናል። ዝናብ ሲመጣም ባለሙያዎች ዘንጋቸውን ያላላሉ፤ በተንሸራታች መሬት ላይ ቀስ ብላ ሸክሟን የምታዛውር መኪና ለነጂዋ ጊዜ ትሰጠዋለች።

ይህ ነገር ለስፖርት መኪና ባለቤት ብቻ የሚነገር እንዳይመስል። አዲስ አበባ ላይ ኮብልስቶን ስትወጣ ከፊት ጎማዋ አካባቢ ኳ ኳ የምትል ኮሮላ ብዙ ጊዜ የላላው የስታቢላይዘር ሊንኳ ወይም ያለቀው ጎሚኒዋ ነው። ዘንጉ ደህና ሆኖ ሳለ መገጣጠሚያው ሲያልቅ፣ መኪናዋ ስታቢላይዘር እያላት እንደሌላት ትሆናለች። ያለቀ ጎሚኒ ላይ ወፍራም ዘንግ የሚጭን ሰውም ገንዘቡን ያከሰረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለመግዛት ላሰበ አንባቢ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። መጀመሪያ ጎማውን፣ ጎሚኒውን፣ ሊንኩንና አሰላለፉን አድስ። ከዚያ መኪናህ የትኛው ወገኗ ቀድሞ እንደሚደክም በተዘጋ ሜዳ ላይ ለይ። ስትገዛ ቀዳዳ ያለውን፣ ማቀፊያውና ቀለበቱ የታሰበበትን ምረጥ፤ በለስላሳው ጀምር፣ በአንድ ቀዳዳ እየጨመርህ ሂድ፣ መኪናዋ ስትመችህም እጅህን አንሣ። ከሁለት ዘንጎች ሁለቱም ሥራውን የሚጨርሱ ከሆነ የተሻለው ቀጭኑ ነው።